ስለ ተራራው ደጅና ስለ በር ጠባቂው

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በበዓለ ትንሣኤ ሰሞን፣ ዕድሜዋ ከሰባ ካለፈው አክስቴና ከሁለት የእኅቴ ልጆች ጋር ሆኜ፣ ስሙን መጥራት ወደማልፈልገው አንድ የቆላ ፓርክ አራዊት ለማየት ወርጄ ነበር። በበዓል ሰሞን ማደሪያ እንደሚሞላ ስለማውቅ ከሦስት ሳምንት አስቀድሜ በስልክ ሁለት ክፍል አስይዤ፣ ገንዘቡን በባንክ ልኬ፣ ደረሰኙንም አጥፌ በደረት ኪሴ ይዤ ስለ ነበር፣ ከመንገዱ አቧራና ሙቀት በቀር የሚያሳስበኝ ነገር አልነበረም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከበሩ ደረስን። ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ በጣቱ ከላይ እስከ ታች ከወረደበት በኋላ፣ ስማችን እንደሌለ፣ ክፍሎቹም ከከተማ በመጣ ትእዛዝ ለሌሎች እንግዶች እንደ ተሰጡ ነገረን። ደረሰኙን አውጥቼ ባሳየው ወረቀቱን ሳይነካ ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ይመለሱ፤ የለም ተብሏል» አላት አክስቴን፣ ፊቷን ሳያይ።

«ማነው የለም ያለው፣ ልጄ?»

«አለቃ ናቸው።»

«እሳቸውስ የት አሉ?»

«ከተማ ናቸው። ስልካቸውም ዝግ ነው።»

ያን ሌሊት ከበሩ ውጭ በመኪና ውስጥ ተኰራምተን አደርን። ክፍል ሊሞላ፣ ጸሓፊም ሊሳሳት እንደሚችል አልክድም፤ ይህን ያህሉን ማንም መንገደኛ ይታገሣል። እኔን ሌሊቱን ሙሉ ያንገበገበኝ፣ በየትኛው ሕግ እንደ ተመለስን የሚነግረን አንድ ሰው ከዚያ ደጅ መጥፋቱና፣ ያች ዕድሜዋን ሙሉ እንግዳ ስትቀበል የኖረች ሴት እንደ ለማኝ ቆማ መለመኗ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በአገራችን የዱርና የተራራ ደጅ በማን እጅና በምን ሥርዐት ሲከፈትና ሲዘጋ እንደ ኖረ ማንበብና ሽማግሎችን መጠየቅ ጀመርሁ።

ደጅ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከሳንቃና ከማጠፊያ የሰፋ ትርጓሜ አለው። በንጉሡ ደጅ ፊት የሚዘምተው ደጃዝማች ተባለ፤ ወደ ውስጠኛው ቤት የሚያገባውና የሚከለክለው እልፍኝ አስከልካይ፣ የግብሩን እንግዳ በየማዕርጉ የሚያስቀምጠው አጋፋሪ ተባለ፤ ጉዳዩን ለማስፈጸም ወይም ሹመት ለማግኘት ከጌታ በር ላይ ወራትና ዓመታት የሚቆመውም ደጅ ጠኚ ተባለ። ደጅ ጥናት ስንቱን ሰው እንዳስረጀ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን አጋፋሪነትም ቢሆን በትምህርትና በልማድ የሚገኝ ሙያ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም፤ ደኅና አጋፋሪ የእንግዳውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን አገርና የተገባውን ቦታ አስቀድሞ ያውቃል፤ መመለስ ያለበትንም ሰው ቢሆን ክብሩን ሳይነካ፣ በመልካም ቃል፣ የሚመጣበትን ቀን ነግሮ ይመልሳል። ቋንቋችን በር የሚዘጋውንም፣ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሞ እስኪከፈትለት የሚውለውንም «ጠባቂ» በሚል በአንድ ስም ይጠራቸዋል፤ ሁለቱ ጠባቆች ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ደጁ ለሁለቱም መከራ ነው።

ሌላም ደጅ ወርሰናል። ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ጤፍና ስንዴ በሚዘራበት አገር፣ ጥዱና ወይራው፣ ዝግባውና ዋንዛው ሳይቈረጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በደቡብ ጎንደርና በጎጃም ከተራራ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ በተራቈተው መሬት መካከል እንደ ደሴት ተበታትኖ የሚያየው አረንጓዴ ሁሉ የአንድ ታቦት ማደሪያ ነው። ያ ደን መጥረቢያ አልደረሰበትም፤ የዚያ ቅጥር መግቢያ ግን ስሙ ደጀ ሰላም ነው፤ ነዳያን፣ ድውያን፣ መንገደኞችና የቆሎ ተማሮች ሁሉ ይጠለሉበታል። ዛፍ የሚጠበቀው ሰው ሲባረር ብቻ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የምሰጠው የለኝም።

ስለ ደጅ አጠባበቅ ከሁሉ የበለጠ ልቤን የያዘው ግን የመንዝ ሰዎች ሥራ ነው። በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋው የጓሳ ሜዳ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር፣ ስሙንም ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ያገኘ ውርጫም ደጋ ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው በዚህ ሣር ነው፤ ገመዱን የሚገምደው፣ በክረምት ዝናም ከትከሻው ላይ የሚጥለውን ገሳ የሚሠራው፣ በድርቅ ዓመትም ከብቱን ከሞት የሚያተርፈው በዚሁ ነው። እንዲህ ያለውን በረከት ሁሉም እንዳሻው ቢያጭደውና ቢያስግጠው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባዶ መሬት እንደሚሆን የተረዱት አበው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ተጀመረ የሚነገርለትን የቄሮ ሥርዐት አቆሙ።

አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አቅኚዎች የሚወለዱት ባለ ርስቶች ከየወገናቸው አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አለቆቹም አባ ቄራና አፈሮ ይባሉ ነበር። ሜዳው እንደ ሣሩ ዕድገት ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ማንም ማጭድ ይዞ አይገባም፤ ከብትም አያሰማራም። ጥበቃው ለተቀጠረ ዘበኛ የተተወ አልነበረም፤ ዐቅመ አዳም የደረሰ የባለ ርስት ወንድ ሁሉ በተራው ወጥቶ ሜዳውን መዞር ግዴታው ስለ ነበር፣ ዛሬ ጠባቂ የሆነው ነገ ሣር ፈላጊ፣ ዛሬ ሣር ፈላጊ የሆነው ነገ ጠባቂ ነበረ። ሥርዐቱን ያፈረሰ ሰው ብርቱ ቅጣት ይቀበላል፤ ቅጣቱንም የሚፈርድበት የራሱ ወገን፣ ከእርሱ ጋር በአንድ አጥቢያ የሚያስቀድስ ጐረቤቱ ነው።

ሣሩ በደረሰ ጊዜ አለቆቹ መክረው የመክፈቻውን ቀን ይቈርጣሉ፤ ቀኑም በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ ሳይቀር ሕዝብ በተሰበሰበበት ሁሉ ይነገራል። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በዚያ ዘመን ስልክ የለም፤ የማተሚያ ወረቀት የለም፤ ደረሰኝም የለም፤ ነገር ግን ሀብታሙም ድኻውም፣ ቅርብ ያለውም ሩቅ ያለውም የሚሰማው ቀን አንድ ነበረ፤ ቀኑን ቀድሞ የሚያውቅ ባለ ወዳጅ፣ ከቀኑ በፊት የሚገባ ባለ ትእዛዝ እንዳይኖር ሁሉ ሁሉን ያይ ነበር። የመክፈቻው ቀን ሲደርስ ሣሩ አስቀድሞ ይታጨዳል፤ ከብቱ ኋላ ይገባል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ሜዳው ይዘጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከደጅ የቆመ ሰው ያለ ቂም የሚታገሠው ስለዚህ ነበር፤ በሩ መቼ እንደሚከፈት ባያውቅም፣ ማን እንደሚከፍተውና በምን ምክንያት እንደ ተዘጋ ያውቅ ነበርና።

ይህን ስል ሥርዐቱ ነቀፌታ የሌለበት ነበር ማለቴ አይደለም። ርስት የሌለው ሰው፣ የአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነ ሰው፣ የጓሳን ሣር ከሩቅ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ፣ ርስት ሲሻር በርስት ላይ የቆመው ቄሮ አብሮ ወደቀ። ሜዳው ግን ጨርሶ ለጥፋት አልተተወም፤ ነዋሪዎቹ ቆይተው በየቀበሌያቸው ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን ቀጠሉ፤ በኋላም የክልሉ መንግሥት ጓሳን በሕዝብ የሚጠበቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀላቸው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ ሣር ውስጥ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ስሜን ልሻገር። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ከአዱሊስ የድንጋይ ዙፋን ቀድቶ ባስተላለፈው የግሪክኛ ጽሑፍ ውስጥ፣ አንድ ስሙ ያልተገለጸ የጥንት ንጉሥ ወንዝ ተሻግሮ ስሜንን እንደ ወጋ፣ በተራራውም ላይ በረዶው እስከ ጕልበት እንደሚያሰጥም ይነበባል፤ ኮስማስም የአክሱም ንጉሥ የፈረደበትን ሰው ወደዚያ እንደሚያግዘው ከራሱ ጨምሮ ይነግረናል። እንግዲህ ስለ ስሜን ደጅ በጽሑፍ ካገኘናቸው የመጀመሪያዎቹ ወሬዎች አንዱ፣ ሰው በግድ የሚገባበት ደጅ እንደ ነበረ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሯት በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል አድራጊው ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ አገር ነው፤ የዋሊያው ተራራ የመንግሥትም ደጅ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ፓርክ የሚባለው ነገር ግን ከሌላ አገር የመጣ ሐሳብ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1872 ዬሎውስቶን የተባለውን ምድር ከሰፈራና ከእርሻ ለይተው የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን በሕግ ደነገጉ፤ አዳኞችና ዘራፊዎች ሲያስቸግሯቸው ከ1886 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ጥበቃውን ለፈረሰኛ ጦራቸው ሰጡ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የፓርክ ጠባቂ የወታደር መሳይ ልብስ ለብሶ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራው ከጥንት ከጦር ሰፈር ጋር የተዛመደ ነው። በዚህ መንገድ የተወለደው ሐሳብ ወደ እኛ የደረሰው በተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት በኩል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ሰር ጁልያን ሃክስሊ የመሩት የሊቃውንት ቡድን መጥቶ አገሩን ከጐበኘ በኋላ፣ የዱር አራዊት የሚጠበቅበት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ አዋሽና ስሜንም ለፓርክነት ታጩ።

በስሜን የመጀመሪያው የፓርክ ኀላፊ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 ድረስ የሠራው ክላይቭ ኒኮል የተባለ የዌልስ ተወላጅ ነው። በዚያ ዘመን የቀረው ዋሊያ 150 ያህል ይገመት ነበር፤ ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር ሌላ መኖሪያ የለውምና፣ የተቋቋመው ጥበቃ ተገቢ እንደ ነበረ ማንም አይክድም። ፓርኩም በ1962 ዓ.ም. በሕግ ታወጀ። ዳሩ ግን ዐዋጁ ሲወጣ ተራራው ባዶ አልነበረም፤ ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ፣ ከአስታውና ከጅብራው ጋር አብሮ የኖረ ሕዝብ ነበረበት። ያ ሕዝብ እንደ መንዝ ሰው ሜዳው መቼ እንደሚዘጋ አልተመከረበትም፤ አንድ ቀን ሲነጋ የአያቶቹ ምድር የመንግሥት ሆኖ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ ቆሞበት አገኘው። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች በኃይል ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1978 ስሜን ከላሊበላና ከዬሎውስቶን ጋር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ያ ክብር ለተነሡት ሰዎች ምን እንደ መሰላቸው የሚናገር መዝገብ አላየሁም። ወዲያው ደግሞ ተራራው የጦር ሜዳ ሆነ፤ የጠባቆቹ ሠፈር ፈረሰ፤ ጥበቃውም ለብዙ ዓመታት ተቋረጠ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች ተቈጠረ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። በመካከሉ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በግጭ ሜዳ ለብዙ ትውልድ የኖሩ፣ አብዛኞቹ የእስልምና ተከታዮች የሆኑ ከ400 በላይ አባወሮች ወደ ደባርቅ ከተማ ወርደው እንዲሠፍሩ ተደረገ። ሣሩ በግጭ ሜዳ ላይ እንደ ገና እንዳገገመ የሚመሰክሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሆኖም በሬ ጠምዶ የኖረ ሰው በከተማ ዳር የገንዘብ ካሣ ይዞ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የፓርኩ ሰዎች ስካውት የሚሏቸው ጠባቆች ከዚሁ ሕዝብ መካከል የተወለዱ ናቸው። ወደ ስሜን የሚወጣ እንግዳ ደባርቅ ላይ ከፍሎ አንድ ስካውት ሳይመደብለት አይሄድም፤ እንግዳው ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ሲጓዝ ያ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ፣ በጋቢ ተሸፍኖ፣ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ ጫማ የተሻለ ሳይጫማ ይከተላል። ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ውሃ የሚረጋበት ብርድ አለ። እንግዳው በላባ በተሞላ ከረጢት ውስጥ ሲተኛ ጠባቂው እሳት ዳር ያነጋል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ያ ተራራ በእሳት በተያያዘ ጊዜ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ድረስና ከመጡም በኋላ፣ በቅጠልና በአፈር እየተከላከሉ ገደል ለገደል የወረዱት እነዚህ ስካውቶችና የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው። የበቅሎ ጫኞቹና የስካውቶቹ ሥራ በተራ የሚደርስ ሲሆን፣ እንግዳ አንዳንድ ጊዜ «የምፈልገውን ሰው መምረጥ ለምን አልችልም?» ብሎ ይቈጣል፤ እኔ ግን ያን ተራ ባየሁ ቍጥር የጓሳ ቄሮ ትዝ ይለኛል፤ ስሙ የተጻፈ፣ ሁሉ የሚያውቀው፣ ባለጠጋም ድኻም የማይዘለው ተራ ነውና ሊነካ አይገባውም።

ይህን ሁሉ ካነበብሁና ከሰማሁ በኋላ ያ የቆላው በር ዘበኛ በሌላ መልክ ይታየኝ ጀመር። በመኪና ውስጥ ባደርን ማግሥት ጧት፣ አክስቴ ለበዓል ከያዘችው ድፎ ዳቦ ቈርሳ በእኅቴ ልጅ እጅ ላከችለት፤ እርሱም ፊቱን አዙሮ በላ። ቆይቶ ወደ እርሷ መጣና፣ አጐንብሶ ከተሳለማት በኋላ፣ ደመወዙ ሦስት ወር እንደ ዘገየበት፣ ክፍሎቹ ለማን እንደ ተሰጡ እርሱም እንደማያውቅ፣ ከ«የለም በል» በቀር ሌላ ቃል እንዳልተሰጠው አጫወታት። «እኔም እኮ ደጅ ጠኚ ነኝ፣ እማማ» አላት። ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ቀኑን የሚቈርጡት ሰዎች ከበሩ በጣም ርቀው ስለሚኖሩ፣ የእነርሱን ውሳኔ ኀፍረት እርሱ ብቻውን ይሸከም ነበር። እንግዳውን ሲያንጓጥጥ ያየነውን ጠባቂ ሁሉ በዚህ ምክንያት ይቅር እንበል አልልም፤ ሽማግሌን ቁጭ በሉ ማለት ደመወዝ አይጠይቅም። ግን የክፋቱ ሥር ከበሩ ላይ አይደለም፤ ዱርን ስንጠብቅ ጠባቂና ተጠባቂን፣ ባለ አገርና እንግዳን እንዳይተዋወቁ አድርገን መሥራታችን ነው፤ በዚህም ከአበው ይልቅ እኛ በድለናል።

ስለዚህ የፓርኮቻችንን ደጅ በእጃችሁ የያዛችሁ ሹማምንት ሆይ፣ ይህን እለምናችኋለሁ። ቦታ የሚያዝበትን ሕግ፣ ዋጋውን፣ የሚሰረዝበትንም ምክንያት በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ጽፋችሁ በበሩ ላይ ስቀሉት። የተያዘ ክፍል ለሌላ ሲሰጥ፣ ለመንገደኛው ከቤቱ ሳይነሣ ንገሩት፤ ገንዘቡንም መልሱለት። በየበሩ ውሳኔ መስጠት የሚችል አንድ ሰው ይደር። የስካውቱን ደመወዝ በወሩ ክፈሉት፤ ጫማና የዝናም ልብስ ስጡት፤ ማደሪያውንም ክደኑለት። ሜዳና ተራራ በምትዘጉበት ጊዜ፣ በዚያ የተወለዱትን ሰዎች አስቀድማችሁ አማክሩ፤ ቀኑንም በገበያና በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድም አስነግሩ።

አክስቴ አንድ አጋዘን ሳታይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደረሰኙ እስከ ዛሬ በእኔ ዘንድ አለ።